በእኛ ሰዓት አቆጣጠር

ደስታነሽ ገብረጻድቅ አስራ ሰባተኛውን ጋላክሲ ባትከፍተው ኖሮ ያን ሐሙስ በሰላም ትውል ነበር። ከፈተችው እንጂ! የማስተርስ ጽሑፏ ተጠርዞ፣ ለነገ የምታቀርበው ስላይድ ተሰናድቶ፣ ቀሚሷ ተተኩሶ ካለቀ በኋላ «አንድ ቆንጆ ፎቶ ልጨምርበት» ብላ ላፕቶፑን መልሳ ከፈተች። ልማዷ ነው። የበሰለ ድስት ካላማሰለች እጇ አያርፍም።

ጎባ፣ አባቷ ቤት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። የከዋክብቱን ዕድሜ ወዳገኘችበት የኢንተርኔት ማኅደር ገብታ የአስራ ሰባተኛውን አድራሻ ጻፈችና ጠበቀች። ኔትወርኩ እየተንፏቀቀ ፎቶውን ከላይ ወደ ታች ቀስ በቀስ አወጣው። የምትጠብቀው በጎኑ የቆመ ሰፌድ የመሰለ፣ ስስና ረዥም ጋላክሲ ነበር። የወጣው ግን ድቡልቡል ያለ ወፍራም ነገር ሆነ። «ተሳስቼ ጻፍኩ» አለችና ደገመችው። ያው ድቡልቡል። ሦስተኛውን ሞከረች፤ የሷ አይደለም። ሃያ ዘጠነኛውን ሞከረች፤ እሱም የሷ አይደለም። ልቧ ዱብ አለ። 

እስቲ ነገሩን ላስረዳችሁ፤ ካልገባችሁ ፍርሃቷም አይገባችሁም። ጋላክሲ ማለት ተቆጥሮ የማያልቅ ኮከብ አብሮ የሚዞርበት ትልቅ መንደር ነው። ደስታነሽ ለማስተርስ የመረጠቻቸው አርባዎቹ ሁሉ እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ የሆኑት ናቸው። የዘርፉ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ወጣት ኮከቦች የበዙበት ሰፌድ ስስ ሆኖ፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ በሥርዓት ሲዞር ነው። ኮከቦቹ ባረጁ ቁጥር ግን ዙረቱ ይላላል፤ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ይዋልላል፤ ሰፌዱም ይወፍራል። የደስታነሽ ሠንጠረዥ ተገላቢጦሹን አወጣ። ያረጁት ናቸው በሥርዓት የሚዞሩት! አማካሪዋ ዶክተር ሚኪያስ ይህን ያየ ዕለት ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። «ይሄ እኮ ስንቱን ያነጋግራል!» አለ። ሰውዬው ገና ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አይፈረድበትም።

ከሱ የባሰ የተደሰቱት ግን አባቷ ናቸው። አቶ ገብረጻድቅ በድሮው የክፍለ ሀገር ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆነው ገብተው ዋና ታይፒስት ሆነው የወጡ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ አንገታቸውን ደፍተው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ነበር የሚሄዱት። ልጃቸው ያገኘችውን ከሰሙ በኋላ ቀና አሉ። ከቅዳሴ መልስ በቤተ ክርስቲያኑ በር፣ ፀጉር ቤት፣ ታክሲ ተራ፣ ያገኙትን ሁሉ ያቆሙ ነበር። «በሰማይ በሰልፍ የሚሄዱት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ወጣቶቹማ ይንቀዠቀዣሉ። ሳይንስ ነው፤ ልጄ ናት ያገኘችው!»

ደስታነሽ ከአልጋዋ ሥር ካርቶኑን ጎትታ አወጣችና በጥር ወር ያሳተመችውን፣ የአርባዎቹ አድራሻ ያለበትን ዋናውን ሉህ ፈለገች። አገኘችው። አስራ ሰባተኛው መስመር ላይ 9 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ይላል። ላፕቶፗ ላይ 3 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ይላል። ቀጣዩ ሉሁ ላይ 2፣ ላፕቶፑ ላይ 8። ሉሁ ላይ 13፣ ላፕቶፑ ላይ 7። ደቂቃው አልተነካም፤ ሰከንዱ አልተነካም። አርባውም ላይ ሰዓቱ ብቻ ስድስት ፈቀቅ ብሏል።

የሰማይ ተመራማሪዎች የአንድን ጋላክሲ አድራሻ የሚጽፉት በሰዓትና በደቂቃ ነው። ሰማዩ በቀን አንዴ የሚዞር ስለሚመስል እንዲያ መቁጠር ቀሏቸው እንጂ፣ የቅዳሴም የስብሰባም ሰዓት አይደለም። ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ማሽኑ ደግሞ የተሳሳተ አድራሻ ሲሰጡት «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» አይልም፤ ቅርብ ያገኘውን ጎረቤት ጠርቶ ያቀርባል። ከሉሁ የወሰደችው የዙረት ፍጥነት የአርባዎቹ ሆኖ፣ በአድራሻ የፈለገችው ዕድሜ የሌሎች አርባ ነበር ማለት ነው። ያ ሁሉ ግኝት፣ ያ ሁሉ ጭብጨባ፣ ባዶ።

ማን እንደጻፈው ታውቃለች። በጥር ሮቤ ላይ ከባጃጅ ወድቃ ቀኝ ክንዷ በጄሶ ታስሮ ነበር። አባቷ ናቸው «አንቺ እረፊ» ብለው ሁለት ቀን ሙሉ ቁጥሩን ከሉሁ ወደ ላፕቶፑ የለቀሙላት። በጎባ ምድር የገብረጻድቅን ጽሕፈት የሚያመሳክር ሰው ኖሮ አያውቅም፤ እሷም አላመሳከረችም።

ሰዓቱንስ ለምን ነኩት? ይህ የቆየ ነገር ነው። አቶ ገብረጻድቅ ገና ጀማሪ ሳሉ ከውጭ አገር የመጣ ደብዳቤ እንግዶቹ በ9 ሰዓት ጎባ በአውሮፕላን ይደርሳሉ ይላል። ያኔ የነበረው ታይፒስት እንዳለ ገልብጦ ለአስተዳዳሪው አቀረበ። እንግዶቹ በእኛ ሦስት ሰዓት ደርሰው፣ ሜዳው ላይ ከሰንኤቴ አምባ የሚወርደው ነፋስ እየገረፋቸው ስድስት ሰዓት ሙሉ ቆሙ። ታይፒስቱ በማግስቱ ወደ መዝገብ ቤት ተወረወረ፤ ቦታውም ለገብረጻድቅ ተሰጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳቸው እጅ የገባ የፈረንጅ ሰዓት ሁሉ ሳይነገራቸው ወደ እኛ ሰዓት ተቀይሮ ነው የሚወጣው። ስማቸውን ያስጠራው ይህ ጥንቃቄያቸው ነበር።

ደስታነሽ ወደ ግቢው ወጣች። አባቷ ለነገ የሚለብሱትን ኮት ሽቦ ላይ ሰቅለው በብሩሽ እየጠረጉ ነው። ጫማቸው ተወልውሎ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

«አባባ።»

«አቤት፣ የኔ ፕሮፌሰር!»

«ያን ጊዜ የጻፉልኝ ቁጥሮች… ሰዓቶቹን…»

«ቀየርኳቸው እንጂ!» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «አንቺ በዚያ ጄሶ እየተሠቃየሽ ስድስት ስትደምሪ ስትቀንሺ ልትኖሪ ነው? አርባውንም አንድ በአንድ ቀየርኳቸው። ምነው፣ ስህተት አገኘሽበት?» ብሩሹ አየር ላይ ቆመ።

ያንን ብሩሽ ብቻ ነው ያየችው።

«የለም አባባ። ልክ ነው።»

«ድሮስ!» ብለው ወደ ኮታቸው ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷና የሥራ ባልደረባዋ ሞሚና ልምምዷን ልትሰማ መጣች። ደስታነሽ በሩን ዘግታ ሁሉንም ነገረቻት። ሞሚና ኬሚስትሪ ናት የምታስተምረው፤ ስለ ሰማይ ግድ የላትም፤ ስለ ደስታነሽ ግን ግድ አላት።

«ወላሂ ዝም በይ» አለቻት። «የማስገቢያው ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሞልሻል። ሰኔ ሠላሳ ካለፈ ስምሽ ይሰረዛል፤ ማስተርስ ከሌለሽ ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ ክፍል አያስገቡሽም። ሰባት ዓመት እኮ ነው የለፋሽው! ማን ሰማይ ላይ ወጥቶ ያጣራል?»

«ከአዲስ አበባ የሚመጣው ፈታኝ ዶክተር በየነ ነው።»

«ያ ሰው አስለቃሹ?» ሞሚና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቢሆንም ዝም በይ። ደግሞስ ለአባትሽ ማን ይነግራቸዋል? አንቺ?»

ይሄኛው ነው የያዛት። ከዲግሪው ይልቅ ያ አየር ላይ የቆመ ብሩሽ ነበር የሚታያት። ዝም ለማለት ቆረጠች። ዝም ለማለት ከቆረጠች በኋላ ግን ፍርሃቱ ይቀላል ብላ ነበር፤ ጭራሽ ባሰበት። አጥር ላይ ቆርቆሮ በተንኳኳ ቁጥር «መጡብኝ» ትላለች። ማን ነው የሚመጣባት? እሷም አታውቅም።

ዓርብ ጠዋት ወደ ሮቤ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈሩ። ጭጋጉ ከመስኮቱ ማዶ ያለውን ስንዴ እንኳ አያሳይም። አቶ ገብረጻድቅ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጠው፣ ክራቫታቸውን አጥብቀው አሥር ደቂቃ እንኳ አልታገሡም፤ ስለ ሰማይ ሽማግሌዎች ጀመሩ። ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት ወደ ደስታነሽ ዞሩ።

«ዱጋዳ? እውነት ነው ልጄ?»

ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አያት። ራሷን ነቀነቀች። «ይኸው» አሉ አባቷ፣ «ከራሷ አፍ!» እሷ ደግሞ ከአፏ አንድም ቃል አላወጣችም ነበር። እዚያው ወርዳ በጭጋጉ ውስጥ ብትጠፋ ደስታዋ ነበር፤ ሲናናን አቋርጣ፣ አጋርፋን አልፋ፣ ማንም ስሟን የማያውቅበት አገር።

የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ሞልቷል። ሞሚና ከኋላ፣ አቶ ገብረጻድቅ ከፊት። ዶክተር በየነ ደግሞ የተወራላቸውን ያህል አልሆኑም። ረዥም፣ ጎበጥ ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ማስታወሻቸውን ገልጠው ነው የሰሟት። ሃያ አምስት ደቂቃ ተናገረች። ድምጿ ሲወጣ የምታዳምጠው ሌላ ሰው የሚናገር ይመስላት ነበር። ሊያስለቅሷት ቢሞክሩ በተሻላት። እሳቸው ግን «በጣም ንጹሕ ሥራ ነው» አሉ። 

«አንዲት ትንሽ ጥያቄ ብቻ አለችኝ» አሉ ዶክተር በየነ። «አስራ ሰባተኛውን ጋላክሲ አውቀዋለሁ። በወጣትነቴ ሁለት ዓመት ያፈጠጥኩበት ነው። ኮከቦቹ ወጣት ናቸው ብዬ ነበር የጻፍኩት። አንቺ አሥር ቢሊዮን ዓመት አልሽው። እንዴት ይሆን?»

ክው አለች። ዶክተር ሚኪያስ ደረሰላት።

«ዶክተር፣ የእሷ መረጃ የቅርብ ነው። ያኔ የነበረው መሣሪያ ደግሞ እንደሚያውቁት…»

«አርጅቶ ነበር በል!» ብለው ሳቁ ዶክተር በየነ። አዳራሹም አብሮ ሳቀ። «እውነትህን ነው። እንግዲያው የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» እስክሪብቶ አወጡና ማስታወሻቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ከዚያ የውጤቱን ወረቀት ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

አለቀ። አልፋለች። ሞሚና ከኋላ አውራ ጣቷን አነሳችላት።

ደስታነሽ ግን ያንን ማስታወሻ ነው ያየችው። ሰውዬው በወጣትነታቸው በትክክል የሠሩትን ሥራ፣ በገዛ እጃቸው፣ በእሷ ውሸት ምክንያት ሰረዙ። አባቷም ፊት ለፊቷ ተቀምጠው በኩራት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሁለቱንም ሽማግሌዎች ጉድ አደረገቻቸው። ከዛሬ ጀምሮ በር በተንኳኳ ቁጥር ስትደነግጥ፣ ይህን ጽሑፍ ሰው ባነሳ ቁጥር ላብ ሲያሰምጣት፣ እስክታረጅ እንዲህ ስትሆን ታያት። ያ ፍርሃት ከዚህኛው በለጠባት፤ ሌላ ጀግንነት የለውም።

«ዶክተር፣ እርስዎ አልተሳሳቱም።»

«ምን አልሽ?»

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ዕድሜዎቹ የእነዚህ ጋላክሲዎች አይደሉም። አድራሻቸውን ስጽፍ ሰዓቱን አዛብቼዋለሁ። በስድስት ሰዓት። አርባውንም።»

ዶክተር ሚኪያስ ወንበሩ ላይ ውሃ ሆነ። ዶክተር በየነ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አርባውም በስድስት ሰዓት? እንዴት ሊሆን ይችላል?»

ከኋላ አንዱ ተማሪ ነው መሰል፣ አፉ አላስቀምጥ አለው። «ወደ እኛ ሰዓት ቀይራው ነዋ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እናንተም ሳቃችሁ ይሆናል፤ እዚያ ብሆን እኔም እስቅ ነበር። ደስታነሽ ግን አባቷን ነበር የምታየው። አቶ ገብረጻድቅ መጀመሪያ ከሰው ጋር አብረው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ከዓይናቸው ወጣ፤ ከንፈራቸው ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያም ጠፋ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሱ። ድሮ አስተዳዳሪው ፊት ሲቀርቡ እንደሚያደርጉት የኮታቸውን መሐለኛ ቁልፍ ቆለፉ። ሳቁ አንድ ባንድ ጸጥ አለ።

«ክቡራን፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። ልጄ ያኔ እጇ ተሰብሮ ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ። የቀየርኩትም እኔ ነኝ።» ዙሪያውን አዩ። «መቀየር አልነበረበትም?»

ዶክተር በየነ ራሳቸው እንኳ አንገታቸውን ደፉ።

ፈታኞቹ ለብቻቸው ተነጋግረው ሲመለሱ «አላለፍሽም፣ አልወደቅሽምም» አሏት። አርባውንም በትክክለኛው አድራሻ ሠርታ እስከ ሰኔ ሠላሳ እንድታስገባ፤ ካልደረሰች ስሟ ይሰረዛል። የቀራት አሥራ አንድ ቀን ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ አባቷ መስኮት ዳር ተቀመጡ።

«እና ሽማግሌዎቹ?» አሉ ሮቤን ሲለቁ።

«ይዘገያሉ አባባ። ወዲያ ወዲህም ይዋልላሉ።»

«ይቆማሉ?»

«አይቆሙም። ከመዞሩስ ይዞራሉ።»

«እህ» አሉ። ጎባ ሊገቡ ሲሉ ደግሞ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ሐሙስ ዕለት ግቢ ውስጥ ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?»

ልትዋሽ አስባ ነበር። አልቻለችም። «አውቅ ነበር።»



ማለፉንስ አለፈች፤ ሰኔ ሃያ ዘጠኝ ቀን፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ዲንሾ ድረስ በሰው መኪና ሄዳ ልካ። ውጤቱም ማንንም አላነጋገረም፤ ወጣቶቹ በሥርዓት ይዞራሉ፣ ያረጁት ይዘገያሉ፤ ሁሉም የሚያውቀው ነገር። እኔ የማልረሳው ግን የቅዳሜውን ጠዋት ነው።

ከፈተናው ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ደስታነሽ ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። አባቷን ለመጥራት ፈርታ ብቻዋን ልትጀምር ስትል፣ ሽማግሌው ራሳቸው ገቡ። በአንድ እጃቸው ሉሁን፣ በሌላው ማስመሪያ ይዘዋል። «አንቺ ጻፊ፣ እኔ ላንብብ» አሉ። ድሮ እንደለመዱት ማስመሪያውን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አስተካክለው አኖሩት።

«አንደኛ። ዘጠኝ ሰዓት…» አሉና ቆሙ። ጣታቸው ከቁጥሩ ላይ አልነሳ አለ። «ዘጠኝ ነው የሚለው። ዘጠኝ ልበል?»

«ዘጠኝ ይበሉ አባባ።»

«ዘጠኝ። ልክ ነኝ?»

ዕድሜ ልካቸውን ጽሕፈታቸውን በሰው አስመሳክረው የማያውቁ ሰው ናቸው። ከሐሙስ ጀምሮ ደስታነሽን ሲያሳድዳት የነበረው ፍርሃት ወጥቶ የት እንደገባ አሁን በዓይኗ አየችው። እዚያ ጣት ላይ ነው ያለው።

«ልክ ነዎት አባባ» አለች።

እሳቸው ግን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ከወንበራቸው ተነሱ፤ ጠረጴዛውን ዞረው መጥተው በትከሻዋ በኩል ወደ ላፕቶፑ አጎነበሱ። የጻፈችውን በራሳቸው ዓይን ከሉሁ ጋር አመሳከሩ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ሁለተኛ» አሉ።

አርባ ጊዜ «ልክ ነኝ?» አሏት። አርባ ጊዜ «ልክ ነዎት» አለቻቸው። አርባ ጊዜም ተነስተው መጥተው አዩ።